አንድ ኔጋቲቭ፣ ዘጠኝ ሙሽራ

ሰማይ ቤቴ የገባው በፍላሽ ነው። የልጅ ልጄ ኢንተርኔት የሚረክስበትን ሰዓት እየጠበቀ ስንት ሌሊት ሲያወርድ ከርሞ፣ አንድ ጠዋት ፍላሹን እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ መጣና «አካኮ፣ አንድሮሜዳን ይዣት መጣሁ» አለኝ። ሽማግሌ ሳይልክ ሚስት ይዞ የመጣ መስሎኝ ጋቢዬን ሰብስቤ ብድግ አልኩ። ለካ ጋላክሲ ናት። ይባስ ብሎ ስምንት ጓደኞቹም ያችኑ አንዷን ይዘዋል።

ስለ ፎቶ ማማረር ለእኔ መብት ነው። አምቦ ሀገረ ሕይወት ስትባል፣ በ1961 ዓ.ም.፣ ከሁሉቃ ወንዝ ፈንጠር ብሎ አንድ ክፍል ተከራይቼ ፎቶ ቤት ከፈትኩ። ሙያውን የቀሰምኩት ፒያሳ ነው፤ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት ቦያጂያኖችና ሌሎቹ አርመኖች ባስለመዱት አሠራር፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ጣቴ በፊክሰር እስኪላጥ። ከጊንጪ እስከ ባኮ መታወቂያ ያወጣ፣ ሚኒስትሪ የተፈተነ፣ ክርስትና ያስነሳ፣ ልጅ የዳረ ሰው ፊቱ በእጄ ሳያልፍ የቀረ ብዙ አይደለም። የእኔ ሕግ አጭር ነበር። አንድ ሰው ያነሳል፣ ያው ሰው ያጥባል፣ ከጀርባው ማኅተሙን ይመታል፣ ባለጉዳዩ ከፍሎ ይወስዳል። አለቀ።

«ማን ነው ያነሳት?» አልኩት።

«አንድ ፈረንጅ።»

«ታውቀዋለህ?»

«ኧረ አላውቀውም።»

«ከፈልከው?»

«በነፃ ነው የለቀቀው አካኮ፣ ለፈለገ ሁሉ።»

«ምን ነካው?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም። ሰውየው ጓሮው ውስጥ ቴሌስኮፕ ይተክላል። ምድር ስለምትዞር ቴሌስኮፑን ሞተር ቀስ እያለ ከኮከቡ ጋር ያስኬደዋል። ከዚያ አምስት አምስት ደቂቃ እየከፈተ፣ አንዷን ጋላክሲ ብቻ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያነሳል። በማግሥቱም። በሳምንቱም። እኔ በአምስት ደቂቃ አንድ ሙሉ ሠርገኛ ከነሚዜው አንስቼ ጠላዬን እቀምሳለሁ። እሱ ግን ያን ሁሉ ብርድ ጠጥቶ፣ ያነሳውን ሳያጥበው፣ ጥሬውን እንዳለ ለዓለም ይበትነዋል። በየአገሩ ያለው ደግሞ ጥሬውን እየወሰደ በየቤቱ ያበስለዋል። ልጆቹ «ኤዲት ማድረግ» ነው የሚሉት። 

«እንደ ቅርጫ በሉት» አለኝ ልጁ ሊያስረዳኝ። ቅርጫንማ ለእኔ አያስተምረኝም። በቅርጫ አንዱ መደብ ሽንጥ ይበዛዋል፣ ሌላው አጥንት ይደርሰዋል፣ ዕጣ ይጣላል፣ ይኮረፋል። እነዚህ ግን እያንዳንዳቸው ሙሉውን በሬ ይዘው ይሄዳሉ፤ በሬውም እዚያው ቆሞ አለ።

ይህን የሚያደርገው አንድ ግራ የገባው ፈረንጅ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ትልልቆቹም ያው ናቸው። ናሳ የሚሉት መሥሪያ ቤት ጁኖ የተባለች መንኮራኩሩ ሰኔ 2008 መጨረሻ ላይ ጁፒተር ከደረሰች ወዲህ፣ አብሯት የሄደው ካሜራ የሚልከውን ጥሬ ፎቶ «ኑና አሳምሩት» ብሎ ለመንገደኛ ሁሉ ክፍት አድርጎታል። ሐብልና ዌብ የሚባሉት የጠፈር ቴሌስኮፖች መዝገብ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ተመራማሪው በልቶ ሲጨርስ የቀረው ለሕዝብ ይከፈታል። እኔ የኔጋቲቭ ሳጥኔን ለባለቤቴ እንኳን አሳይቼ አላውቅም። የዌብ የመጀመሪያ ፎቶዎች የወጡት ሐምሌ 5 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር፤ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት ዕለት። ዶሮው ቀርቦ፣ እንጀራው ታጥፎ፣ ልጁ ስልኩ ላይ አፍጥጧል። «ሰማይ እያየሁ ነው» ይለኛል። ሐምሌ ውስጥ አምቦ ላይ ምን ሰማይ አለ? ያለው ደመና ነው፤ እሱም ጣሪያው ላይ ተቀምጧል።

ዘጠኙ ማታ ማታ የሚሰበሰቡት በዚያችው በድሮዋ ፎቶ ቤቴ ውስጥ ነው። ሁለት አሮጌ ላፕቶፕ አላቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ ክዳኑ በፕላስተር የተያዘ ነው። ሲሪል የሚባል ነፃ ፕሮግራም አላቸው። ቴሌስኮፕ የላቸውም። ደግሜ ልናገር፤ ቴሌስኮፕ የላቸውም። ፎቶ ቤት ከፍቶ ካሜራ የሌለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? «እንጦጦ ሂዱና ተመልከቱ» አልኳቸው። እዚያ 3,200 ሜትር ላይ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ሲቋቋም ስንቱ «እንጀራ ሳይኖር ጠፈር» ብሎ ስቆባቸው ነበር። እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ፣ አልደብቅም። «እሱ የተመራማሪ ነው፣ ደግሞም ከሥሩ አዲስ አበባ እያበራች ታስቸግረዋለች» አሉኝ። አዲስ አበባ ያላስቸገረችው ምን አለ።

የሥራቸውን ቅደም ተከተል ስሰማ ግን መሣቅ ይሁን ማልቀስ ግራ ገባኝ። ፈረንጁ ከጋላክሲዋ ፎቶ ጋር ሌላ ሁለት ዓይነት ፎቶ ጨምሮ ልኳል። አንደኛው ክዳኑ ሳይከፈት የተነሳ ነው። ሆን ተብሎ! በእኔ ጊዜ ክዳን ሳይከፍት ሠርግ ያነሳ ሰው አገር ጥሎ ነበር የሚሄደው። እነሱ «ዳርክ» ይሉታል፤ ካሜራው በጨለማ ውስጥም ሲሞቅ ከራሱ የሚፈጥራት ነጥብና ነቁጥ አለች፣ እሷን ለብቻ ይዘው ከእውነተኛው ፎቶ ላይ ይቀንሷታል። ሁለተኛው ደግሞ ባዶ ነጭ ነገር ነው። ቴሌስኮፑ አፍ ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥረው ያነሱታል፤ ጠርዙ የት እንደሚጨልም፣ ሌንሱ ላይ የት ቦታ አቧራ እንዳረፈ ያሳብቃል። ባለቤቴ ይህን ሰምታ «ነጠላ አልብሰው ያነሱታል ማለት ነው?» አለች። አዎ፣ ነጠላ አልብሰው። ጥምቀት የሚወርድ ይመስል።

ከዚያ ይደራርቡታል። አንዱ ፎቶ ብቻውን አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ አራቱን ቢደርቡ አሸዋው በግማሽ ይቀንሳል፣ አሥራ ስድስቱን ቢደርቡ ሩቡ ይቀራል፣ እየበዛ ሲሄድ ፊቷ እየጠራ ይመጣል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ የሚባለው ተገልብጦ መሆኑ ነው፤ እዚህ ሃምሳው ሎሚ ሁሉ ተጨምቆ አንድ ብርጭቆ ይወጣዋል።

ብርጭቆው ላይ ነው ጠቡ የሚጀምረው።

የዳቦ ቤቱ ልጅ አርሰናል ነው። አንድሮሜዳን ቀይ አደረጋት። ቀለል ያለ ቀይ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ ክንዶቿ ላይ የሃይድሮጂን ጉም ያለባቸው ቦታዎች እውነትም ቀላ ይላሉ፣ እሱ ግን ሰበብ አግኝቶ ሁለመናዋን በርበሬ አስመሰላት። ባጃጅ የሚነዳው ደግሞ ቼልሲ ነው፤ የእሱ ሰማያዊ ሆና አደረች። አንዷ ተማሪ፣ ዝምተኛዋ ልጅ፣ መሐሏን እንደ ቅቤ ቢጫ፣ ዳርዳሯን ፈዘዝ አድርጋ ሠራቻት፤ እሷን ወድጄላት ነበር፣ አልነገርኳትም። የልጅ ልጄ ከዋክብቱን ሁሉ በአንድ ፕሮግራም ጠርጎ አስወጥቶ ጋላክሲዋን ብቻዋን ባዶ ሰማይ ላይ አቆማት። «ሰው በሌለበት ሠርግ!» ብዬ ጮህኩበት። «መልሼ እጨምራቸዋለሁ አካኮ፣ መጀመሪያ እሷን ላስተካክል ብዬ ነው» አለኝ። ዘጠኝ ልጅ፣ ዘጠኝ አንድሮሜዳ፤ አንዷ ከሌላዋ ጋር እህትማማች እንኳን አትመስልም። የትኛዋ ናት እሷ? ይህን ስጠይቅ እርስ በርስ ይተያዩና ይስቃሉ።

የከፋኝ ግን ይህም አይደለም። እያንዳንዱ የሠራትን ይዞ «የእኔ አንድሮሜዳ» ይላል። የእኔ! አንድ ማታ ሳልፈልግ ድምፄ ከፍ አለ። ያልተቀመጥክበትን ብርድ፣ ያልከፈትከውን ሌንስ እንዴት «የእኔ» ትላለህ አልኩት። ከሥሩ «ፎቶው የእገሌ፣ ኤዲቱ የእኔ» ብሎ እንደሚጽፍ፣ ፈረንጁም የጠየቀው ይህንኑ ብቻ እንደሆነ አስረዳኝ። አልበረድኩም። ያን ጊዜ ነው ያላሰብኩትን ያመጣው።

«አካኮ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን እዚሁ ቦዳ አይደል የተወለደው?»

«ነው። ኩራታችን ነው።»

«ሐምሌትን ማን ጻፈው?»

«ሼክስፒር።»

«እርስዎ ግን ‹የጸጋዬ ሐምሌት› ነው የሚሉት።»

«ጸጋዬ ጸጋዬ ነው! ሼክስፒር ደግሞ ቢያንስ...» ቢያንስ ምን እንደሆነ ጠፋኝ።

«ሼክስፒርም ጸጋዬን አያውቀውም፣ ፈረንጁም እኔን አያውቀኝም» አለና ወደ ላፕቶፑ ዞረ። ትምህርት ቤት መላክ እንዲህ ነው ትርፉ።

ይህን ያህል ብቻ ብሎ ቢተወኝ ጥሩ ነበር። ባለቤቴ ከጓዳ ሆና ነገር ጨመረች። «ኮባውንስ አትነግራቸውም?» አለች።

የኮባው ነገር እንዲህ ነው። በስልሳዎቹ ዓመታት አንድ ትልቅ ሠርግ አነሳሁ። ዋናው ፎቶ አንድ ነው፤ ሙሽሮቹ መሐል፣ ዘመድ አዝማድ በሁለት ወገን፣ የሙሽራዋ አጎት በስተቀኝ ጠርዝ ላይ፣ ባርኔጣውን ይዞ። ገና ቅልቅሉ ሳያልቅ በጥሎሽ ምክንያት አጎትየውና የሙሽራው አባት ተጣሉ። በሳምንቱ የሙሽራው አባት ሱቄ መጣ። «ያን ሰው ከፎቶው አውጣልኝ» አለ። ኔጋቲቩ ትልቁ ዓይነት ነው፤ ስድስት በዘጠኝ። መብራት ከሥሩ አብርቼ፣ በአጉሊ መነጽር፣ ጫፉ እንደ መርፌ በተቀረጸ እርሳስ ሦስት ሌሊት ሠራሁበት። ሰው ቢያጠፉት በቦታው አንድ ነገር መኖር አለበት፤ ባዶ ቦታ ያሳብቃል። ከኋላው የእንሰት ቅጠል ትንሽ ይታይ ነበር። ያንን ቅጠል ወደ ታች ሳብ፣ ወደ ጎን ሰፋ እያደረግሁ፣ አጎትየውን ኮባ አደረግሁት። ግሩም ኮባ ወጣው። ባርኔጣዋ ብቻ አስቸገረችኝ፤ ኋላ እንደ ደረቀ ቅጠል አጠፍኳት።

መሥራቱንስ ሠራሁ። ኔጋቲቭ ላይ የተሠራ ግን አይመለስም። ወር ሳይቆይ የሙሽራዋ ወገኖች የራሳቸውን ፎቶ ሊያሳጥቡ መጡ፣ አጎትየው ራሱ ከፊት ቀድሞ። ያን ሰው አልረሳውም፤ ፎቶውን አንስቶ ራሱን ፈልጎ፣ ፈልጎ፣ «እኔ እዚህ ጋ አልቆምኩም?» አለኝ። «ዛፍ ጋርዶዎት ይሆናል» አልኩት። ከዚያ በኋላ ያ ሰው እስከ ሞተበት ቀን ድረስ በሱቄ በኩል ሲያልፍ ፊቱን ወደ ወንዙ ያዞር ነበር።

ልጆቹ ይህን ሲሰሙ መሬት ላይ ተንከባለሉ። የባሰው ገና ነበር። ዝምተኛዋ ልጅ አንድሮሜዳ ማን እንደሆነች አንብባ መጥታለች። በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፌውስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት። የግሪኮች «ኢትዮጵያ» የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ መከራከሩን ለምሁራን ትቼዋለሁ፤ እኔ የእኛ ናት ብዬ ይዣለሁ። እናትየዋ በመልካቸው ስለ ተመጻደቀች የባሕር አምላክ ተቆጥቶ አውሬ ላከ፣ ልጅቷ አለት ላይ ታሰረች፣ ፐርሴዎስ የሚባል ጎበዝ አውሬውን ገድሎ አገባት። እስከዚህ ጥሩ ነው፤ ጥሎሹንም አውሬ በመግደል ከፍሏል እንበል። በሠርጉ ዕለት ግን አንድ ሰው ጦር ይዞ ድግሱ ላይ ገባ፤ «ቀድማ ለእኔ የታጨች ናት» እያለ። ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሙሽራዋ አጎት! ፐርሴዎስም የሜዱሳን ራስ አውጥቶ አሳየውና እዚያው ድንጋይ አደረገው።

«አካኮ፣ እርስዎ ይሻላሉ፤ ኮባ ለምለም ነው» አለች ያቺ ዝምተኛ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ስም እዚህ ቤት ፐርሴዎስ ነው።

ወሬውን ማስቀየር ነበረብኝና ወደ ቡና ተሻገርኩ። በ2012 ዓ.ም. ገደማ የዓለም የሥነ ፈለክ ማኅበር መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብ ከነፕላኔቷ ሰጥቶ ስም አውጡ ብሎ ነበር። ኢትዮጵያ ኮከቧን «ቡና»፣ ፕላኔቷን «አቦል» ብላ ሰየመች። በዚህ ብቻ አላማርርም፤ ስም ማውጣት ያወቀ ሰው ነበረበት። ሌላ ፕላኔት ከተገኘ ቶና፣ ሦስተኛ ከመጣ በረካ፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ፕላኔት ቡና እንዳለቀ ይወቅ። ኮከቧ ያለችው ደግሞ እዚያው አንድሮሜዳ በሚባለው የኮከብ ክልል ውስጥ ነው። ታዲያ «ቡናችንን ፎቶው ላይ አሳዩኝ» አልኩ። የለችም! ፈረንጁ ጋላክሲዋን ብቻ ነው ያነሳው። ቡና ከእሷ በስተምሥራቅ፣ እጅ ተዘርግቶ ሁለት ጭብጥ ያህል ፈቅ ብላ ነው ያለችው፣ በዓይንም አትታይም። ሠርጉ የእኛ፣ ሙሽራዋ የእኛ፣ ቡናው ግን ከፎቶው ውጪ ቀረ። እንዲህ ዓይነት ፎቶ አንሺ እኔ ብሆን ኖሮ የሙሽራዋ እናት ታንቀኝ ነበር።

ልጆቹ ለክርክር ነገር ሲያጡ ሁልጊዜ የሚያነሱብኝ አንድ ወሬ አላቸው። ሁለት ፈረንሳውያንና አንድ ጀርመናዊ ናቸው፤ ሦስቱም ሙያቸው ሌላ፣ ሰማዩ ትርፍ ሰዓታቸው። አንዱ ከመቶ ሰዓት በላይ አንድሮሜዳን አነሳ፣ ሌላው ያንኑ ደራርቦ አጠበ፣ ሦስተኛው አብሮ ፈተሸ። ከጋላክሲዋ ጎን አንድ ሰማያዊ ቅስት ወጣ፤ የኦክስጅን ጉም ነው፣ እጅግ ፈዛዛ፣ ግን ርዝመቱ ሰማይ ላይ ከጨረቃ ስፋት የሚበልጥ። ጥር 2015 ላይ ይፋ ሲያደርጉት የመስኩ ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምክንያቱም አንድሮሜዳ ማለት ቴሌስኮፕ የገዛ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳት ናት፤ ቁጥር ስፍር የሌለው ሰው አንስቷታል፣ ያን ቅስት ግን ያየው አልነበረም። ቀደም ያሉት በዚያ ቀለም ይህን ያህል አልቆዩባትም። «አዩ አካኮ፣ አንዱን ነገር ደጋግሞ ማጠብ ለዚህ ነው» ይሉኛል። እሺ፣ ይሁን። እኔ ግን ያን ቅስት ሳየው የታወሰኝ ባርኔጣ ነው። አንዳንድ ነገር ፎቶ ውስጥ ተኝቶ አንሺው ራሱ ሳያውቀው ስንት ዓመት ይኖራል።

አሁን ወደ ድሌ ልምጣ፤ አንድ ድል አለኝና።

አንድ ማታ ልጁ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊያሳየኝ ጥሬውን ከፈተ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ድንግዝግዝ እንኳን አይደለም፣ ጥቁር፣ ሁለት ሦስት ነጥብ ብቻ ያለበት። «የታለች?» አልኩ። «አለች፣ ብርሃኗ ታች ተጨቁኖ ነው፣ ስትሬች ላድርገው» አለና አንዲት ቀስት ወደ ግራ መግፋት ጀመረ። መጀመሪያ መሐሏ እንደ ሩቅ ኩራዝ ታየ። ከዚያ በኩራዙ ዙሪያ ጭስ የመሰለ ነገር መጣ። ከዚያ ጭሱ ውስጥ ጥቁር ክር፣ አቧራ ነው ይላሉ፣ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ወጣ። እኔ ይህን አውቀዋለሁ። ቀዩ አምፖል ሥር፣ ነጩ ወረቀት ዴቨሎፐር ውስጥ ሲነከር፣ ትሪውን በአንድ እጅ እየወዘወዝክ ስትጠብቅ፣ መጀመሪያ ጥቁሩ ፀጉር፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ አንድ የማታውቀው ሰው ከውሃው ውስጥ ቀና ብሎ ያይሃል። ሃምሳ ዓመት ስሠራው በዚያች ቅጽበት ተንፍሼ አላውቅም። እዚህም አልተነፈስኩም።

ከዚያ ነው የነቃሁት። «ቆይ፣ ይህ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው!»

«ሁሉም ጥቁርና ነጭ ናቸው አካኮ። ካሜራው ቀለም አያውቅም። ከፊቱ ቀይ መስታወት ተጋርዶ አንድ፣ አረንጓዴ ተጋርዶ አንድ፣ ሰማያዊ ተጋርዶ አንድ ይነሳል፤ ቀለሙን የምንሰጠው እኛ ነን። ሐብል በ1987 ያነሳው ያ ዝነኛው፣ የፍጥረት ዓምዶች የሚሉት፣ ሰልፈሩን ቀይ፣ ሃይድሮጂኑን አረንጓዴ፣ ኦክስጅኑን ሰማያዊ አድርገው ነው የቀቡት። ሃይድሮጂን በዓይን ቢታይ ቀይ ነበር።»

በሉ እንግዲህ! የቀለም ፊልም ከመጣ ወዲህ «ጥቁርና ነጭ ያረጀ ነው» እያለ ሱቄን ጥሎ አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ ይስማ። የዓለም ትልልቁ ካሜራ፣ በሰማይ ላይ የሚንሳፈፈው፣ የእኔን ሥራ ነው የሚሠራው። ጥቁርና ነጭ ያነሳል፣ ከዚያ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በጥጥ ይቀባል። እኔም የሙሽራ ከንፈር በጥጥ ቀብቻለሁ። አንድ ቀይ ብቻ ነበረችኝ፤ ከአዲስ ዓለም የመጣችም ከጉደር የመጣችም ሙሽራ በዚያችው ቀይ ነው የተዳረችው። ማንም «ሃይድሮጂን ነው ወይስ ሰልፈር» ብሎኝ አያውቅም።

ኅዳር ላይ አንድ ምሽት መብራት ሄደ። ከተማው እንደ ወትሮው በአንድ አፍ «ኤጭ!» አለ። ከፎቶ ቤቴ ግን እልልታ ተሰማ። መብራት ሲሄድ እልል የሚል ትውልድ አሳድገናል። እጄን ይዘው እየጎተቱ ግቢ አወጡኝ፤ ወደ ሰሜን፣ ከኮረብታው በላይ ከፍ ብሎ፣ የካሲዮፔያን ከዋክብት እንደ ተሰበረ ዘንግ አሳዩኝ፣ ከእነሱ ወደ ላይ ከፍ፣ «እዚያ ጋ፣ ትክ ብለው ሳይሆን ጎን ጎኑን ይዩ» አሉኝ። ጎን ጎኑን አየሁ። አንዲት ፈዛዛ ነገር አለች፤ ብርጭቆ ላይ ተንፍሰህ ሊጠፋ ሲል እንደሚተው እስትንፋስ። ቀይ አይደለችም፣ ሰማያዊ አይደለችም፣ አርሰናልም አይደለችም። ይህ ብርሃን ከእሷ የተነሳው የዛሬ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ግድም ነው፤ ድንቅነሽ ሞታ ከተቀበረች በኋላ ማለት ነው፣ ግን እንደ እኛ ያለ ሰው ገና ሳይመጣ። ያን ሁሉ መንገድ መጥታ አምቦ ስትደርስ አመድማ ሆናለች። «ይህችው ናት?» አልኩ። «ይህችው ናት» አሉኝ ዘጠኙም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው። ገና እያየሁ መብራት መጣ። «ማን ነው ያበራው!» ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ ይላሉ። አላስታውስም።

በማግሥቱ የልጅ ልጄ አንዷን አሳትሞ ሊሰጠኝ እንደፈለገ ነገረኝ። የትኛዋን ልምረጥ ብሎ ዘጠኙንም ደረደረልኝ። ዘጠኙንም ገፋሁና «ቀለሙን አውጣ» አልኩት። አወጣ። ጥቁርና ነጭ ሆና ስትመጣ ዕድሜዋ ሁሉ ተመለሰላት። የድሮውን ፍሬም፣ መስኮቴ ላይ የነበረውን፣ ከአልጋ ሥር አወጣሁት። አቧራውን እየጠረግሁ ነው ዓይኔ አንድ ነገር ላይ ያረፈው። በስተግራዋ አንዲት ደማቅ ነጥብ ተጠግታታለች፤ ጎረቤት ትንሽ ጋላክሲ ናት ብለውኝ ስለ ነበር አውቃታለሁ። ግን ሌላም ነበር፤ ሞላላ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ጠርዝ ላይ ለብቻው የሚቆም። በሌሎቹ ስምንት ፎቶዎች ላይ አይቼዋለሁ። በዚህኛው ላይ የለም።

«ያ ጠርዝ ላይ የሚቆመው የት ሄደ?»

«ኤም 110 ነው፣ እሱ ፍሬሙ ውስጥ አልገባ ሲለኝ ቆረጥኩት። ትንሽ ነው አካኮ፣ ማንም አያውቀውም።»

«መልሰው!» አልኩት። «ከሠርግ ፎቶ ላይ ሰው አይቆረጥም! ፍሬሙ ካልበቃ ሌላ ፍሬም ይሠራል! መልሰው አልኩህ አሁን!»

ከጓዳ የረከቦት ድምፅ ቆመ። ባለቤቴ ጀበናዋን እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለችና ፎቶውን በርቀት አየት አደረገችው።

«አጎትየው ነው?» አለች።